የማይጠብቅ ቀለበት

ጥቀርሻው ያለው በተሳሳተው በኩል ነበር። ይህን ያየሁት መጋረጃዋን በእጄ አጥቤ፣ ገመድ ላይ አስጥቼ፣ ሰብስቤ፣ ካውያ ሥር ካስገባኋት በኋላ ነው።

የትራስ ልብስ የምታህል ነጭ መጋረጃ ናት። ልጄ ራሷ ሰፍታ፣ አባቷ ትቶልን በሄደው የሸራ ጀልባ ትንሽ መስኮት ላይ የሰቀለቻት። ጀርባዋ ወደ መስተዋቱ፣ ፊቷ ወደ አልጋው ይዞራል። ጭስ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ከጎረቤት ጀልባ፣ ወደቡ ላይ ከሚመላለሱት ከባድ መኪናዎች። ስለዚህ መጥቆር የነበረበት ጀርባዋ ነው። ጀርባዋ ግን ጥጥ መስሏል። ግራጫው ጥላ ያረፈው ፊቷ ላይ ነበር፤ ሰው ተጋድሞ ራሱን ከሚያሳርፍበት ትይዩ። በሳሙናም አልለቀቀም።

ካውያውን ይዤ ቆምኩ። ከውጭ ካልመጣ ከየት መጣ?

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ልጄ የጀልባዋን ቁልፍ ይዛ ከወጣች ሁለት ሰዓት አልፏታል።

*

እኔ ክፉውን አስቀድሜ የማይ ሰው ነኝ። ስልክ ከሦስት ጊዜ በላይ ከጠራ መርዶ ነው እላለሁ። ልጄ አሥር ደቂቃ ከዘገየች ሐኪም ቤቶቹን ሁሉ በልቤ እዞራለሁ። እሷ ደግሞ ትስቅብኛለች፤ “እማዬ ዝናቡ ሳይመጣ ትረጥባለች” ትላለች።

ባለቤቴ መሬት ቀያሽ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ድንበር ሲለካ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ድንበር የሌለው ነገር አማረውና ያረጀ የሸራ ጀልባ ገዛ። ከአራት ዓመት በፊት በዚያች ጀልባ ጓዳ ውስጥ እንደተኛ ሞተ። ልብ ነው አሉ። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ቀላ ብለው ነበር፤ የተኛ መስሎኝ ልቀሰቅሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያን መልክ ከዓይኔ ላወጣው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ የቤቴን በር ማታ አልቆልፍም። ገርበብ አድርጌ እተኛለሁ። ልጄ “ጥላዋን የምትፈራ ሴት በሯን ለሌባ ክፍት ትተዋለች” እያለች ትገረማለች። ለምን እንደሆነ ነግሬአት አላውቅም። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ዘንድሮ ልጄ “የአባዬን ጀልባ ላስነሳት ነው” ብላ ተነሣች። እንቢ ብል አልሰማችኝም። ከጥገና ቤቱ አንድ መካኒክ አመጣች። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ወደቡ ሁሉ “ማርሚታ” ነው የሚለው። አንድም የዛገ የጭስ መውጫ ማከም ስለሚያውቅ ነው፤ አንድም ድምፁ ማርሚታ ውስጥ አልፎ የሚመጣ ይመስል ዝቅ ብሎ፣ ታፍኖ ስለሚወጣ። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠው። ልጄ ደግሞ የቋንቋ መምህርት ናት። እኔ በልቤ ያጨሁላት ሐኪም ነበር፤ ባይሆን መሐንዲስ።

የመጀመሪያውን ቀን አብሬአት ሄጄ ነበር። ማርሚታ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ብዙ ቆየና ቀና አለ።

“እትዬ፣ ሞተሩ ደህና ነው። የታመመው መተንፈሻው ነው።”

ከሞተሩ ወጥቶ እንደ ክርን የታጠፈውን የጭስ ቱቦ አሳየኝ። ካቻቢቴውን ነካ ሲያደርግበት ብረቱ ውስጥ እንደ ዳቦ ሰመጠ።

“ይሄ መቼ የዛገ ነው?” አልኩት።

“አምስት ስድስት ዓመት ይሆነዋል። ውጩ ደህና ይመስላል፤ ዝገት ከውስጥ ነው የሚበላው።”

ክርኑን የያዙት አራቱ ቡሎኖች አልፈታ አሉት። ዘይት ቀባቸውና መፍቻውን አስቀምጦ ተቀመጠ።

“እና?” አለችው ልጄ።

“እንጠብቃለን።”

“እስከ መቼ?”

“እሱ በራሱ እስኪለቅ። የቸኮለ ይሰብረዋል። ከተሰበረ ቡሎን ጋር ደግሞ ሰው አብሮ ያረጃል።”

“አብሮ ማርጀት መጥፎ ነው እንዴ?”

ይህን ያለችው የእጅ ባትሪ እያበራችለት ነው። ብርሃኑ ግን ቡሎኑ ላይ አልነበረም። እሱም ከብርሃኑ ፊቱን አላዞረም። እኔ መሀላቸው ቆሜ፣ የሌለሁ ያህል ተሰማኝ።

*

አራት ቡሎን ሦስት ሳምንት ፈጀ። እንደዚህ የሚያዘግም መካኒክ በዕድሜዬ አላየሁም።

ስልኩን ባሕር ውስጥ ጥሎት ስለነበር ለልጄ ወረቀት ይተውላታል። ለሞተር መጋጠሚያ ከሚቆርጠው ወፍራም ግራጫ ወረቀት ቁራጭ ላይ፣ ሁለት ሦስት ቃል። “ሁለተኛው ለቀቀ።” ሌላ ቀን፣ “ሳትመጪ መሸ።” ሌላ ቀን፣ “ሦስተኛው እንቢ አለ። ደስ አለኝ።” ልጄ በቀይ እስክሪብቶ የሳታቸውን ፊደሎች ስታርም አያታለሁ። አርማ ስትጨርስ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች። እንዲህ ያለ የፈተና ወረቀት አይቼ አላውቅም።

አንድ ምሽት የወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ለተማሪዎቿ ትምህርት ስታዘጋጅ “ስሚ እማዬ” አለችኝ። “ዋና። አንዱ ውኃ ውስጥ ነው፣ አንዱ አለቃ ነው። ፊደሉ አንድ፤ አንዱ ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ ይነበባል። ልጆቼን ምን እላቸዋለሁ መሰለሽ? ሳታጠብቁ ሳታላሉ ያነበባችሁ ቀን ሰው ትገድላላችሁ።”

“አፍሽን ለክፉ ነገር አትክፈቺ!” አልኳት። ሳቀች።

በዚያው ሳምንት ማርሚታ ቤቴ ድረስ መጣ። እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ለምን እንደመጣ ገባኝ። እንዳይናገረው ቀደምኩት።

“ስማ ልጄ፣ ደጄን አትርገጥ። በርም አታንኳኳ። ሥራህን ጨርስ። የጀልባዋ ቁልፍ ደግሞ ማታ ማታ እኔ ቤት ይደር።”

“እትዬ፣ ሌባ መሰልኩዎት?”

“ሌባ በግንባሩ አይታወቅም።”

ዓይኑን ወደ መሬት አወረደ። ቁልፉን በእጄ አልሰጠኝም። ጎንበስ ብሎ ደፉ ላይ አስቀመጠውና ሄደ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያን ቁልፍ ለማንሳት ጎንበስ ስል ያፈርኩት እኔ ነበርኩ።

*

አዲሱ ክርን ገባ፣ የጭሱ ጎማ ተገጠመበት፣ ሞተሩ ተነሣ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየሄደች አንድ ሰዓት ታስነሳው ጀመር፤ ይሞከር ተብሎ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር መጣ። ራሷን እየፈለጣት ትመለሳለች። አንድ ቀን ደግሞ ምሳ ዕቃዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆማ፣

“እማዬ፣ አባዬ ሲያንጎራጉር ሰማሁት” አለችኝ።

“ምን አልሽ?”

“አልጋው ጥግ። ያቺን ችካል ሲቆጥር የሚያንጎራጉራትን። ዞር ስል ዝም አለ።”

ሌላ እናት ብትሆን “ደክሞሽ ነው” ትላት ነበር። እኔ ግን አመንኳት። ሙት የሚጠራው የሚወደውን ነው። ልጄን ሊወስድብኝ ነው አልኩ። ማታ በሩን ገርበብ አድርጌ ስተኛ ከውጭ የኮቴ ድምፅ ይሰማኝ ጀመር፤ ይመጣል፣ ደፉ ላይ ይቆማል፣ አይገባም።

ያኔ ነው የወደቡ ዘበኛ ወሬውን ያመጣልኝ።

“እትዬ፣ ሰምተዋል? ማርሚታን ሩቅ የሚሄድ የጭነት መርከብ ሊቀጥረው ጠይቆታል። ሐሙስ ነው የሚነሳው።”

“መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት!” አልኩ። ወዲያው ግን ሌላው ነገር መጣብኝ። ብቻውን ባይሄድስ?

ረቡዕ ከሰዓት ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች በበሩ ሥር ግራጫ ወረቀት ሾልኮ ገባ። በር አታንኳኳ ብዬው የለ፣ አላንኳኳም። አነሳሁት። እንዲህ ይላል፦

“አይጠብቅም። እወቂው።”

ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ቀለበት ተስሏል። ከነፈርጡ።

ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ? መርከቡ አይጠብቅም፤ ከመጣሽ ዛሬ ነይ፤ ቀለበቱም ይኸው። ልጄ በዚያ በጠቆረ ባሕር ላይ ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ በዓይኔ አየኋት። ወረቀቱን አጥፌ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለልጄ ብዬ ነው። እናት ስትዋሽ ሁልጊዜ ለልጇ ብላ ነው።

ሐሙስ መርከቡ ጮኸ። ልጄ መስኮቱ ጋ ቆማ ድምፁ እስኪጠፋ ሰማችው። ዓርብም ማርሚታ አልታየም።

“እማዬ፣ ምንም አልተወልኝም?”

“ምንም።”

“አንዲት ቃል?”

“ምንም አልኩሽ እኮ።”

ቅዳሜ ዝናብ እየዘነበ ቁልፉን ከምስማሩ ላይ አወረደች።

“የት ነው በዚህ ዝናብ?”

“ሞተሩን ላስነሳው። ድምፁን ልስማው።” ነጠላዋን ተከናነበች። “እሱ የሠራው ድምፅ ብቻ ነው የቀረኝ።”

ኪሴ ውስጥ ያለውን ወረቀት ጨበጥኩት። አላወጣሁትም።

*

እና ካውያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ጥቀርሻው በውስጥ በኩል ነው።

ካውያውን ነቅዬ ለጥቀርሻው ሎሚ ፍለጋ ወጥ ቤት ገባሁ። ከታችኛው መደርደሪያ ላወጣ ስንበረከክ ዓይኔ የጋዙ ሲሊንደር ላይ ወደቀ። ጎማው ከብረቱ ጋር የተያያዘበት ቦታ ላይ ቀጭን የብረት ቀለበት አለ። በቀለበቱ አንድ ጎን ጉብ ያለች ነገር፤ ካቻቢቴ ገብቶ የሚያዞራት የቡሎን ራስ።

ቀለበት። ከነፈርጡ።

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። “አይጠብቅም።” ረቡዕ ዕለት “ብ”ን አጥብቄ ነበር ያነበብኩት፤ አይጠብቅም፣ ትቶሽ ይሄዳል ብዬ። አሁን አላልቼ አነበብኩት። መርከቡ አይደለም። ቀለበቱ ነው። የጭሱን ጎማ የሚያስረው ቀለበት አይጠብቅም። እወቂው።

ሳታጠብቁ ሳታላሉ ያነበባችሁ ቀን።

በሩን ክፍት ትቼ ሮጥኩ። እግሬ ላይ አንዱ ነጠላ ጫማ የኔ፣ አንዱ የልጄ እንደነበር ያወቅኩት ማታ ነው። ወደቡ በር ላይ ዘበኛው ከጎጆው አንገቱን አወጣ።

“እትዬ! ምነው በዝናብ?”

“ልጄ ወጥታለች?”

“ኧረ አልወጣችም። ከሰዓት ጀምሮ ሞተሩን እያሰማችን ነው። ማርሚታ እኮ እጁ ይባረክ፣ እንደ ድመት ነው የሚያንኮራፋው!”

ድምፁ ተሰማኝ። እውነትም እንደ ድመት። ዝቅ ያለ፣ የታፈነ፣ የጠገበ ድምፅ። ከዚያ ሁሉ ጀልባ ውስጥ የምትተነፍሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ወደ ጓዳው የምታስገባው ትንሽ የእንጨት በር ለዝናቡ ተብላ መዘጋት ነበረባት። ግን እጅ የምታስገባ ያህል ገርበብ ብላለች። እንዳትዘጋ ሥሯ የተሸጎጠው ጫፉ ቀይ የተቀባ የቀያሽ ችካል ነበር። ልብ ብዬ ለማየት ጊዜ አልነበረኝም። በረገድኳትና ገባሁ።

ጭስ አይታይም። ሽታውም እንደምፈራው አልነበረም። ሞቃት፣ ጸጥ ያለ፣ ሰው የሚያስተኛ አየር ነው። ልጄ በአባቷ አልጋ ላይ፣ አባቷ በተኛበት ጎን፣ አባቷ እጁን እንደሚያደርገው እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋ ተኝታለች። ከንፈሯ ቀልቷል። ጥፍሮቿ ቀልተዋል።

ጠራኋት። አልመለሰችም። በብብቷ ይዤ ስጎትት ጆሮዬ ውስጥ መቶ ንብ ጮኸ። ከዚያ ከኋላዬ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ። ቀስ ብሎ፣ እንጨት ላይ።

ኳ። ኳ። ኳ።

“በሩን ክፈቺልኝ።”

የሱ ድምፅ ነው። አራት ዓመት ያልሰማሁት፣ አራት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ድምፅ።

“ከፍቼዋለሁ!” ብዬ ጮህኩ። “አራት ዓመት ክፍት ነው! እሷን ብቻ ተውልኝ!”

ልጄን ሦስቷን ደረጃ እንዴት እንዳወጣኋት አላውቅም። አንድ እጅ ከላይ መጥቶ ልብሷን ያዘ። ማርሚታ ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በስብሷል፣ የወረቀት ከረጢት በጥርሱ ነክሷል። እሷን አወጣ፣ እኔን አወጣ፣ ትንፋሹን ይዞ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። ዝምታው ከድምፁ ይልቅ አስፈራኝ።

ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። እሱ ራሷን ክንዱ ላይ አድርጎ፣ ዝቅ ያለው ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ።

“መምህርት! ተንፍሺ! መምህርት፣ አደራሽን! ፊደል ስቻለሁ፣ ነይ አርሚኝ! ተንፍሺ!”

ሳለች። ዓይኗን ገለጠች። ትክ ብላ አየችው፣ በሕልሟ የመጣ ይመስል።

“መርከቡ… ሄደ አይደል?”

“ሄደ።”

“አንተስ?”

“እኔ ዘይት ያልነካኝ ቡሎን ነኝ። በቀላሉ አልፈታም።” እንባው ከዝናቡ ጋር ተቀላቀለ። “ሰኞ ዕለት ነው እንቢ ያልኳቸው።”

“ታዲያ ሦስት ቀን የት ነበርክ?”

“ቀለበት ፍለጋ። ልኩ እዚህ ጠፋ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሦስት ከተማ ዞርኩ።” ከረጢቱን አሳያት። “ጻፍኩልሽ እኮ። ‘አይጠብቅም’ ብዬ ጻፍኩልሽ። በበሩ ሥር አስገባሁት።”

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ወረቀቱን አውጥቼ ልጄ መዳፍ ላይ አኖርኩት። አነበበችው። አንዴ አላልታ፣ አንዴ አጥብቃ፣ በከንፈሯ ብቻ። ከዚያ እኔን አየችኝ። እንዲያ ባታየኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

“ቁልፉን ወስጄው መሄድ ነበረብኝ” አለ ማርሚታ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ግን…”

“ግን ምን?” አለች።

አንገቱን ደፋ። የሱን ቃል እኔ ጨረስኩለት።

“ግን እኔ ሌባ ብዬዋለሁ።”

*

ሐኪም ቤት ያን ሌሊት አፍንጫዋ ላይ አየር ገጥመውላት አደረች። ጠዋት ወጣቱ ሐኪም (በልቤ ሳጭላት የኖርኩት ዓይነት ሐኪም) ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“የሞተር ጭስ ነው፣ እናቴ። ሽታው ትንሽ፣ ተንኮሉ ብዙ። መጀመሪያ ራስ ምታት ነው። ቆይቶ የሌለ ድምፅ ያሰማል፣ የሌለ ሰው ያሳያል። ከዚያ ያስተኛል። አንዳንዱን ከንፈሩንና ጥፍሩን ያቀላዋል፤ ጤነኛ ይመስላል።”

ሐኪሙ ሄደ። ከአልጋዋ ማዶ ወደቆመው ማርሚታ ዞርኩ።

“ልጄ” አልኩት ማርሚታን። “ያ ክርን ስንት ዓመት የዛገ ነው ብለኸኝ ነበር?”

“አምስት ስድስት…” ብሎ ቆመ። ገባው። “እትዬ።”

“ልብ ነው ብለውኝ ነበር” አልኩ። ከዚያ አፌ ራሱ ተከፈተ። “ያን ማታ ተጣልተን ነበር። ‘ከኔና ከጀልባህ ምረጥ’ ብዬ በሩን ቆለፍኩበት። ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ‘በሩን ክፈቺልኝ’ አለኝ። ነቅቼ ነበር። ትራሱን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ብርድ ነበር። ወደ ጀልባው ሄዶ፣ እንዲሞቀው ሞተሩን አስነስቶ ተኛ። ጠዋት ሳገኘው ሞተሩ ነዳጁን ጨርሶ ቆሞ ነበር። ሁሉም ልቡ ነው አለ። እኔ ግን የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።”

ከመስኮቱ ውጭ ዝናቡ አባርቶ ነበር።

“በሩን ክፍት የምትተዪው ለሱ ነው?” አለች ልጄ።

“ለሱ ነው።”

እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ እጄን ያዘችው። “አባዬን የገደለው ዝገት ነው፣ እማዬ።” ከዚያ እጇ ትንሽ ላላ። “የወረቀቱን ግን… ለሱ ጊዜ ስጪኝ። ጠብቂኝ።”

“እጠብቅሻለሁ” አልኳት። “ብ”ን አጥብቄ። በደንብ አጥብቄ።

*

እሑድ ሊመሽ ሲል ቤት ገባን። ልጄ ገባች፣ እኔ ገባሁ። ማርሚታ ደፉ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ምን ይገትርሃል?”

“ደጄን አትርገጥ ብለውኛል።”

“ወግድ! ግባ አሁን፣ ብርድ ታስገባብኛለህ!”

ልጄ ከሶፋው ላይ ሳቀች፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። “የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል” አለች። “እማዬ፣ እንግዲህ ውርሱን አዘጋጂ።”

“አንቺ ደግሞ! ከሞት መጥተሽ ምላስሽ አልደከመም?”

ማርሚታ የወረቀት ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አዲሱን ቀለበት አወጣው፤ የሚያብለጨልጭ፣ ለጎማ የተሠራ፣ ለጣት የማይሆን። ልጄ ተቀብላው እጇን አሾለከችበት። አንጓዋ ላይ እንደ አምባር ተቀመጠ።

“ይጠብቃል?” አለችው።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ያቺ የእጅ ባትሪ አሁንም የበራች መሰለኝ።

“ይጠብቃል” አለ አላልቶ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አጥብቆ ደገመው። “ይጠብቃል።”

ወደ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ሻይ ለመጣድ ነው እንዲሉኝ። ማልቀሴን ማንም ማየት የለበትም።

ስመለስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። “ልጄ፣ የጀልባዋን በር ለምን ገርበብ አደረግሻት? እሷ ናት ያተረፈችሽ እኮ።”

“አልከፈትኳትም። ዝናብ ስታስገባብኝ ጥርቅም አድርጌ ዘጋኋት።”

“ችካሉስ?”

“የምን ችካል?”

“ጫፉ ቀይ የሆነው፣ የአባትሽ።”

ልጄ ሻይዋን አስቀመጠች። “እማዬ፣ እሱን ሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀመጥሽለት አንቺ አይደለሽም?”

የኔንም ሻይ አስቀመጥኩት።

“ቀያሽ ስንት ችካል ነበረው” አለ ማርሚታ ቀስ ብሎ። “ሌላ ይሆናል። በሩም በሞተሩ ንዝረት ይከፈታል።” ግን ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። የሁላችንም ሄደ።

ተነሣሁ። የቤቱን ቁልፍ አራት ዓመት ከኖረበት መሳቢያ አወጣሁና በሩ ላይ ሰካሁት። አልዞር አለ። በሁለት እጄ ይዤ ስታገል ማርሚታ ከኋላዬ መጣ።

“እንዳይሰብሩት። ዝጓል።”

ከኪሱ ትንሽ የዘይት ዕቃ አውጥቶ ሁለት ጠብታ አንጠባጠበበት።

“እና?” አልኩት።

“እንጠብቃለን።”

ሦስታችንም እዚያው በሩ ሥር ቆመን ጠበቅን። እኔ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ አደረግኩ። ኮቴ አልነበረም። ያን ጊዜ ልለው የሚገባኝን፣ ሁለቱ እንዳይሰሙ አድርጌ፣ ለእንጨቱ ነገርኩት። “ያን ማታ ሰምቼህ ነበር። ደህና እደር።”

ጠበቅኩ። ማንም አላንኳኳም።

ቁልፉን ይዤ አዞርኩት። አንዴ። ሁለቴ። ጠበቀ።